ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ መርዶ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ቬንትሌተር የተቃጠለበት ሰው ሁሉ ጎሳዬን ያውቀዋል። የሞተሩን ሽቦ ፈትቶ በአዲስ መዳብ እንደሱ አጥብቆ የሚጠቀልል የለም ይባላል፤ በሐምሌ ሙቀትማ ከሐኪም ይልቅ የሚፈለገው እሱ ነው። ችግሩ ጎሳዬ ከሞተ ቆይቷል። ቬንትሌተር የሚጠግነው ሰው ስሙ በዕውቀቱ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከራሱ በቀር በምድር ላይ ማንም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሁለቱም ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኞች ነበሩ፣ በዕውቀቱ በተከራያት አንድ ክፍልም አብረው ይኖሩ ነበር። በዕውቀቱ ወረቀት የሚበትን፣ ስብሰባ የማያመልጠው ዓይነት ነበር። ጎሳዬ ደግሞ ከደመወዙ ለእናቱ ልኮ በቀረችው ሻይ የሚጠጣ፣ ፖለቲካ ሲነሳ የሚያዛጋ ልጅ። የደርግ ካድሬዎች የበዕውቀቱን ስም ዝርዝር ውስጥ አስገቡት የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ጎሳዬ የሠራተኛ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ፎቶው በግራሶ ወይቦ የማን እንደሆነ አይለይም። በዚህ መታወቂያ ባቡር ተሳፍረህ የድንበሯን ደወሌን ተሻገር፣ እኔ ጠፋብኝ እላለሁ አለው። ዛሬ ቢጻፍ ጀግንነት ይባል ይሆናል፤ ጎሳዬ ግን ምሳውን እንዳካፈለ ቆጥሮት ወደ ሥራው ሄደ።

በዕውቀቱ ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ለአሰሳ ሲመጡ በበዕውቀቱ ቤት ውስጥ መታወቂያ የሌለው ሰው አገኙ። ጠፋብኝ ያለውን ማን ይስማው? እንዲያ ያለ ዘመን ነበር፤ መጀመሪያ ይገደላል፣ ማንነቱ የሚጣራው በኋላ ነው፣ ያውም ከተጣራ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከድሬዳዋ የሸሸ አንድ ሰው ጅቡቲ ገብቶ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከተጣሉት ሬሳዎች ደረት ላይ በወረቀት ተጽፈው ያነበባቸውን ስሞች እየቆጠረ ሲናገር፣ በዕውቀቱ የራሱን ስም ሰማ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። የስደተኛ ወረቀቱ የወጣው በጎሳዬ ስም ነው፤ የፖሊስ አፈሳ በመጣ ቁጥር ያዳነውም ያ ወረቀት ነው። ደርግ ሲወድቅ ሊናገር ይችል ነበር። ያን ጊዜ ግን ዝምታው ራሱ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበርና፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ ቢባል የሚመልሰው አልነበረውም። ሀበሻ በብዛት ያለበት ቦታ አይደርስም። እድር ግባ ሲሉት ነገ ይላል። ሚስትም አላገባም፤ ሚስት በጎሳዬ ስም ልትጠራው ነው፣ ልጅም ቢወለድ የአባቱ ስም ጎሳዬ ሊሆን ነው፣ ይህን አልቻለውም። በበዓል ቀን ሱቁን ዘግቶ ቬንትሌተሮቹን ሁሉ ይሰካና መሃላቸው ይቀመጣል። ድምፃቸው ቤቱን ሰው ያለበት ያስመስለዋል። አከራዩ ሐዲጃ፣ ባሏ የሞተባት ሶማሌ፣ ይህን ስታይ ትስቅበት ነበር፤ ከሳቀች በኋላ ግን ሻይ ትልክለታለች።

በ1991 አሰብ በጦርነቱ ተዘግቶ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲጎርፍ፣ ባንቲሁን የሚባል ሾፌር የጋቢናውን ማራገቢያ ሊያሠራ መጣ። ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ስም ጠየቀ፣ ተነገረው። ድሬዳዋ ባቡር ትሠራ የነበርከው? አዎ። የአረርቲው፣ የወይዘሮ ይመኙሻል ልጅ? እዚህ ላይ ልማድ ቀደመው። ሃያ አንድ ዓመት አዎ ሲል የኖረ ምላስ አዎ አለ። ሾፌሩ የአገሬ ልጅ ብሎ አቅፎ ሳመውና ሄደ። በዕውቀቱ ለሳምንት እንቅልፍ አጣ፤ ከዚያ ረሳው፣ ወይም የረሳው መሰለው።

በ1992 ጥር፣ ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር በገባበት ዕለት፣ ሐዲጃ አንዲት ሴት አስከትላ ሱቁ በር ላይ ቆመች። እንግዳዋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል። ብዙ አየችው። «ጋሼ» አለችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

የጎሳዬ ታናሽ እህት የውብዳር ናት። ጎሳዬ ከቤት ሲወጣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መልኩን አታውቀውም። በዕውቀቱ ግን ከጎሳዬ አፍ እየሰማ ያውቃታል፤ ስታለቅስ ካልታዘለች ዝም የማትል ሕፃን አድርጎ ነው የሚያውቃት። እኔ አይደለሁም ሊል አፉን ከፈተ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ በናፍቆት ማንም አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አያውቅም። አፉን መልሶ ዘጋው። የሚፈርድበት ይፍረድ፤ እኔ በበኩሌ ለዚያች ደቂቃ ልፈርድበት አልችልም።

ክፍሉን ለቆላት እሱ ሱቁ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አደረ። እሷም ሸሚዞቹን አንድ ሳታስቀር አጥባ ሰጣች። ከሐዲጃ ጋር ገበያ ወርዳ ዓሣ ገዝታ መጣች፤ አሠራሩን በምልክት ስትጠያየቅ፣ ሁለቱ ሴቶች የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ሲሳሳቁ ዋሉ። ይሄ ሁሉ ማራገቢያ ሲነፍስብህ ነው የከሳኸው እያለች ታሾፍበታለች። እሱም ሳቀ፤ የገዛ ሳቁ እንግዳ ሆነበት። ደስ ብሎት ነበር፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር፣ ያስፈራውም ይኸው ነው።

ስለ እናቷ ያላወራችበት ሰዓት የለም። ወይዘሮ ይመኙሻል የልጃቸው ደብዳቤ ሲቋረጥ ድሬዳዋ ድረስ ሄደው ጠፍቷል ተባሉ። ተመልሰው ከል ለበሱ፣ ለቅሶ ግን አልተቀመጡም፤ ለጠፋ ሰው ማልቀስ ለፀረ አብዮተኛ ማልቀስ ነው ብለው የቀበሌው ሰዎች ከልክለዋቸው ነበር። ያንን ከል ሃያ አንድ ዓመት ከላያቸው አላወረዱትም። ሾፌሩ ልጅዎ በሕይወት አለ ያላቸው ዕለት አውልቀው አቃጠሉትና ነጭ ለበሱ። አሁን ደጅ ላይ በርጩማ አውጥተው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። የውብዳር የመጣችው ወንድሟን ይዛ ልትመለስ ነው፤ ባቡሩ ሐሙስ ይነሳል።

በዕውቀቱ ማስላት ጀመረ። ወረቀቴ ድንበር አያሳልፈኝም ብሎ ቢቀርስ? ደብዳቤ እየጻፈ፣ ያለውን እየላከ፣ በሩቁ ወንድም ሆኖ ቢኖር ማንን ይጎዳል? እናትም ነጫቸውን እንደለበሱ ይኑሩ። እሱም እንኳን አደረሰህ የሚለው አንድ ሰው ይኑረው። ይህ ሁሉ ሲታሰብ ምንም ክፋት ያለበት አይመስልም ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ሲገባ፣ የውብዳር ያን ጊዜ እንዴት እንዳመለጠ ጠየቀችው። ከእውነቱ የደፈረውን ያህል ነገራት፤ አብሮት የሚኖር ጓደኛ እንደነበረ፣ በሱ ምክንያት እንደተረፈ፣ ጓደኛውን ግን እንደገደሉት።

«እናት ነበረችው?» አለች።

«አለች።»

«መርዶውን ማን አረዳት?»

የመዳብ ሽቦ አንስቶ መጠቅለል ጀመረ።

«እስከ ዛሬ አልሰማችም?»

«አልሰማችም።»

የውብዳር የምታጣጥፈውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «እንዴት ያለ ጭካኔ ነው ጋሼ። እኔ እንዲህ ያለች እናት ሥር ነው ያደግኩት። ታልቅስበት እንጂ፤ ለቅሶዋን እንኳ እንዴት ትከለክላታለህ?»

ወዲያው ታላቅን መናገሯ አሳፍሯት ይቅርታ ጠየቀች። እሱ ይቅርታውን አልሰማውም። ጫማውን አጥልቆ በዚያ ፀሐይ ወደ ካርቲየ 4 በእግሩ ሄደ።

መርዶ በአንድ አፍ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በንጋት፣ ለቅሶተኛዋን የሚይዝ እጅ ሳይጠፋ ነው የሚረዳው። በዕውቀቱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ከተማ አብሮት በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው አልነበረውም። የሄደው ምግብ ቤት ወዳለው ወደ ዮሳዲቅ ነው፤ የኢትዮጵያውያኑ እድር ዳኛ እሱ ነው፣ እድር ግባ እያለ ስንት ዓመት የለመነውም እሱ ነው። ዮሳዲቅ ሲያየው ተገርሞ ወንበር ሳበለት።

«የማረዳው መርዶ አለኝ» አለ በዕውቀቱ። «ነገ ንጋት ላይ ሰው ያስፈልገኛል።»

«ማን አርፎ ነው?»

«ጎሳዬ።»

ዮሳዲቅ ፀሐይ የመታው መስሎት ውሃ አስመጣለት። በዕውቀቱ ውሃውን ጠጣና ከመታወቂያው ጀምሮ አንድ ሳያስቀር ነገረው። ዮሳዲቅ ሲሰማ ቆይቶ ትክክለኛ ስሙን ጠየቀው። ነገረው፤ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው ስም መሰለው። ዮሳዲቅ ተቆጣ። ደርግ እኮ ከወደቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው አለው፤ እነሱ የከለከሉትን አንተ ቀጠልክበት አለው። በዕውቀቱ ልክ ነህ አለ። ተቆጥቶ ሲጨርስ ዮሳዲቅ ተነሳና የእድሩን ሴቶች ቤት ለቤት እንዲጠራ ሰው ላከ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አሥራ አንድ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሐዲጃን ግቢ በር አንኳኩ። የከፈተችው የውብዳር ናት። ፊታቸውን አየች። ማንም ምንም ሳይል ገባት፤ የገባት ግን ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹን አልፋ ከኋላ ወደቆመው ወደ በዕውቀቱ ሮጠችና ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጋሼ፣ እናታችን ናት አይደል? አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» አለችው።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ይናገራል የተባለው ዮሳዲቅ ነበር፤ ዮሳዲቅ ግን ወደ በዕውቀቱ ዞረ።

«እናትሽ ደህና ናቸው» አለ በዕውቀቱ። «የሞተው ጎሳዬ ነው። በ1970 ነው የገደሉት፣ በእኔ ምትክ። እኔ ያ ጓደኛው ነኝ።»

እጆቿ ፊቱ ላይ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ አነሳቻቸው፣ ሴቶቹም ደርሰው ያዟት።

እድሩ ግቢው ላይ ሸራ ወጠረ። ሐዲጃ ምንጣፏን ሁሉ አወጣች፣ ጎረቤቶቿንም ይዛ መጥታ ተቀመጠች። ወሬው በዞረ ቁጥር በስም እንኳ የማይተዋወቅ ሀበሻ መጣ፤ ያ ዘመን ወንድሙን፣ ልጁን፣ አባቱን በልቶበት ማልቀስ የተከለከለ ሁሉ ለጎሳዬ ብሎ ገብቶ ለራሱ ሙት አለቀሰ። በዕውቀቱ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም። ከቤተ ዘመድ ጋር እንዳይቀመጥ ዘመድ አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር እንዳይቀመጥ ጎረቤት ብቻ አይደለም። ውሃ ሲያመላልስ ዋለ። የውብዳር በሁለት ቀን ውስጥ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት እንደተቀበረ። ያንን ደግሞ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ዕቃዋን ተሸክሞ ባቡር ጣቢያ ድረስ ከኋላዋ ሄደ። ከሐዲጃ የተሰጣት ጥቁር ሻሽ አናቷ ላይ ነበር። ተሳፋሪው መግባት ሲጀምር እንደምንም ብሎ ተናገረ። አብሯት ሊሄድ እንደሚፈልግ፣ ድንበር ላይ ቢያስሩትም ግድ እንደሌለው፣ እናቷ እግር ላይ ወድቆ በራሱ አፍ ሊነግራቸው እንደሚፈልግ ነገራት። ይህን ያለው ከልቡ ነው።

«እርስዎ አይምጡ» አለችው። አንተ ማለቷ ቀርቷል። ቁጣም አልነበረባትም። «እናቴ ደጅ ላይ ናት። ከእኔ ጋር ወንድ ሲመጣ ከሩቅ ካየች ልጄ ነው ብላ ትሮጣለች። እርስዎ ጋ እስክትደርስ ድረስ ልጇ አለ ማለት ነው።»

ዕቃዋን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

«ብቻዬን ስመጣ ካየችኝ ግን» አለች የውብዳር፣ «መንገድ ላይ እያለሁ ይገባታል።»

ባቡሩ ላይ ወጥታ በመስኮቱ በኩል ቦታ ያዘች። እሱም ዕቃዋን በመስኮት አቀበላትና ባቡሩ እስኪነሳ እዚያው ቆመ።