ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

እስቲ ያንን አውራ ጣት ተመልከቱ። ጥፍሩ በሙጫ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ የመጽሐፍ ገጽ ሲነካ ግን እንደ ሐኪም እጅ ቀስ ይላል። የጣቱ ባለቤት አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ አንደኛ» ይላቸዋል፤ መጽሐፍ ይዞ የመጣውን ሁሉ ሰላም ሳይሉ «አንደኛ እትም ነው?» ስለሚሉት።

ሌላው ነጋዴ ዓመተ ምሕረቱን አይቶ ይምላል። እሳቸው ከሽፋኑ በላይ የሚለበሰውን ወረቀት ገልጠው ዋጋውን ያያሉ፤ የጥራዙን ክር ይዳብሳሉ፤ ወረቀቱን ያሸታሉ። ጀልባ የተሳለባት ያቺ ሰማያዊ ልብ ወለድ ከሆነች ግን ይህ ሁሉ ይቀርና በቀጥታ ወደ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ነው።

በወጣትነታቸው ያቺ መጽሐፍ በሃያ ቅጂ ከማተሚያ ቤት ትኩሷን መጣችላቸው። በዚያ ገጽ የመጨረሻዋ መስመር ተዘቅዝቃ ታትማለች። ሃያውንም ቅጂ «ብልሽት» ብለው መለሱ፤ ማተሚያ ቤቱም ለወረቀት መልሶ ፈጫቸው። በሳምንቱ የእርሳስ ፊደል እየለቀመች ገጹን የደረደረችው ፊደል ለቃሚዋ ራሷ የታረመውን ተሸክማ ከች አለች።

«ለአንዲት መስመር ሃያ መጽሐፍ ያስፈጫሉ? ልብ የለዎትም?»

«አንቺ ነሽ የዘቀዘቅሻት?»

«እኔው ነኝ! እርስዎ ተሳስተው አያውቁም?»

ተሳስተዋል፤ ያኔውኑ። ያወቁት ግን ዘግይተው ነው። ተጋቡ፤ አርባ ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አላገኙም፤ እሷ ቀደመቻቸው። ዛሬ ክፍላቸው ውስጥ ካሉት ሁለት ወንበሮች አንደኛው ላይ መጽሐፍ ተቆልሏል። ባዶውን ማየት አቅቷቸው ነው።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይኼ ነው፦ መጽሐፏ ላይ የደራሲው ስም በትልቁ አለ፤ የአሳታሚው አለ፤ ጀልባዋን የሳለው ሳይቀር አለ። እያንዳንዷን ፊደል በጣቷ የለቀመችው ሴት ግን የለችም። የነበረችው በዚያች በተዘቀዘቀች መስመር ብቻ ነበር፤ እሷንም የገዛ ባሏ አስፈጯት።

ባለፈው ሰሞን አንድ ደላላ እየሮጠ ገባ።

«ጋሽ አንደኛ፣ ዛሬ ተገላገሉ! ይኸው፣ ‹አንደኛ እትም› ተብሎ ተጽፎበታል።»

ዓይናቸውን ሞራ ጀማምሮታል። መጽሐፏን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ገለጡ። መስመሯ ቀጥ ብላለች። አውራ ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አስኬዱባት።

«አይደለም ልጄ። መስመሯን አርመው ሲያትሙ የፊቱን ገጽ እንዳለ ተዉት።»

«ሰው ቀና ያለ ይመርጣል፣ እርስዎ የተገለበጠ! ከዚህስ ሚስት ቢፈልጉ ይሻልዎት ነበር።»

«እሷኑ እኮ ነው የምፈልገው» አሉ።

ደላላው መጽሐፏን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

እናንተስ? መጽሐፍ ለሳሎን ጌጥ የምትደረድሩ፣ የላይኛውን ወረቀት ቀዳችሁ የምትጥሉ፣ በገጹ ሳሙና የምትጠቀልሉ! ተነሡ እንጂ። ሰማያዊዋ መጽሐፍ ቤታችሁ ካለች ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ግለጡ። የታችኛዋ መስመር ተዘቅዝቃ ካገኛችኋት ሽጡላቸው የሚላችሁ የለም። ብቻ ዓይናቸው ሳይከደን በፊት አምጥታችሁ አንዴ ታሳዩአቸው ዘንድ እለምናችኋለሁ፤ ማየት ካልቻሉም በጣታቸው ይዳብሷት።