ሁለተኛው ማሲንቆ

ባለፈው እሑድ ላሊበላ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ላይ ተቀምጬ ዶሮ ወጥ ስጎርስ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ጎረምሳ አንዲት ቁልፍ ነካ አደረገና የማሲንቆ ድምፅ አንቆረቆረ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። እኔ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። በሠርግ ቀን ፊት ይጠቁራል ወይ ይሉኛል፤ ይበሉኝ!

በደርግ ጊዜ እኔና ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ከብልባላ መጥተን ላሊበላ ኪነት ቡድን ውስጥ እንሠራ ነበር። እሱ ማሲንቆ ይመታል። እኔ ትምህርት ቤት አኮርዲዮን ስለለመድኩ፣ በጭነት መኪና በጋሸና በኩል የመጣው ሲንተሳይዘር ላይ አስቀመጡኝ፤ እኛ ኦርጋን ነበር የምንለው። ኪነት ውስጥ ያለን ወጣት የቀበሌ የጦር ምልመላ አይነካውም። እናታችን እንቅልፍ የሚወስዳት በዚያች ማሲንቆ ነበር።

ኦርጋኑ ሲመጣ ድምፁ የእህል ወፍጮ ነው፣ ያስጠላል። ግን የሚዞሩ ቁልፎች ነበሩት። አንደኛዋን ወደ ግራ ሳዞራት ሹል ሹሉ ድምፅ እየተቆረጠ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ይታፈናል፤ ወደ ቀኝ ስመልሳት ይከፈታል። ሁለተኛዋ ድምፁን በአፍንጫ ታናግረዋለች። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የተቆላ ባቄላ እየቆረጠምን በነዚያ ቁልፎች ተጠመድን። ምስጋናው ሁለት ማሲንቆ ሲቀባበሉ መስማት አምሮት ነበር።

"ኧረ ዝጊው፣ ዝጊው! ጆሮ ያሳክካል" ይለኛል። "ደጋኑ ሲመለስ እኮ ድምፁ ይሳሳል። አንቺ ዝም ብለሽ ታስጮኺዋለሽ።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ቁልፏን አትልቀቂያት። ግራ እጅሽ ደጋን ይሁን።"

እውነቱን ነበር። ቀኝ እጄ ዜማውን ሲመታ፣ ግራ እጄ ቁልፏን ከፈት፣ መልሶ ዘጋ ሲያደርጋት ያ ብረት ማልቀስ ጀመረ። ምስጋናው ከደስታው ብዛት ተነስቶ እስክስታ ወረደ።

ለካ የቡድናችን ኃላፊ፣ ጓድ የምንለው ካድሬ፣ በር ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። እየሳቀ ገባና "የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ" አለ። እኛ ሞኞቹ ደስ አለን!

በአብዮት በዓል ዋዜማ ሰበሰበን። "ማሲንቆው በኦርጋን ተሸፍኗል። ምስጋናው ለእናት አገር ጥሪ ይሰለፋል" አለ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። "ይሄ ግለኝነት ነው" አለኝ። ግለኝነት! የምልምል ኮታ ጎድሎበት ነበር፤ በወንድሜ ሞላው። ምስጋናውን በዚያው ምሽት ጭነው ወሰዱት።

በማግስቱ እናቴ የባቄላ እሸት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከብልባላ በእግሯ መጣች። የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳላገኛት መድረክ ላይ አወጡኝ። ግራ እጄን ቁልፏ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ከሕዝቡ ኋላ አንዲት እልልታ ተነሳች፤ ወዲያው አወቅኋት። "ልጄ ነው! የኔ ምስጋናው ነው!" እያለች ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች። መድረኩ ሥር ደርሳ ቀና ስትል ያየችው እኔንና ኦርጋኑን ብቻ ነው።

"ወርቄ፣ ወንድምሽስ?" አለችኝ።

ካድሬው ከታች "ቀጥይ!" ይለኛል። ቁልፏን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞርኳት። ድምፁ ታፍኖ፣ ታፍኖ ጠፋ። እሸቱ እግሯ ሥር ተበትኖ ነበር።

ምስጋናው አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ማሲንቆ በሰማች ቁጥር ቀና ትል ነበር። ያ ካድሬ ዘመን ሲለወጥ የት እንደገባ አላውቅም፤ ባውቅም ይቅር አልለውም።

ሠርጉ ላይ ጎረምሳውን ጠርቼ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

"ከነድምፁ ነው የመጣው እማማ። ምንም ልፋት የለውም" አለኝ በኩራት።

ልፋት የለውም! ልጁ ምን ጥፋት አለበት፤ መርቄ ሸኘሁት። ተመልሶ መጫወት ሲጀምር ግን እኔም እንደ እናቴ ቀና ብዬ መድረኩን አየሁ። ልጁና ኪቦርዱ ብቻ ነበሩ።