«ከድሮው ይሻላል» የምትለው ቃል

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ነው እንጀራዋን የበላችው። የሙዚቃ ሸክላ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ክፍል ተቀምጣ፣ ማዳመጫ አጥልቃ፣ ከየመቶው ሸክላ አንዱን ከዳር እስከ ዳር ትሰማለች። የሚንኮሻኮሽ፣ የሚዘል፣ የሚያጓራ ካገኘች ቀይ ወረቀት ትለጥፍበታለች፤ በቃ፣ መቶውም ይመለሳል። ሠራተኛው ስሟን ትቶ «ጆሮ» ነበር የሚላት። «ዝም በሉ፣ ጆሮ መጣች!» ይባባላሉ በየመተላለፊያው፣ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ ፈርቷት።

ከታናሽ ወንድሟ ጋር ያቆራረጣትም ያው ቀይ ወረቀት ነው። ወንድሟ ጊታር ይመታ ነበር። ጊታር ሲባል የሚያባብለው ዓይነት አይደለም፤ ድምፅ ማጉያውን እስከ ጥግ ከፍተው፣ ጊታሩን ማጉያው አፍ ላይ ደቅነው፣ አንጀቱ እስኪወጣ የሚያስጮኹት ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው ታትሞ እጇ ሲገባ፣ አራተኛው ዘፈን ላይ ግማሽ ደቂቃ የሚያህል ጩኸት ሰማች። ማሽኑ ነው ብላ ቀይዋን ለጠፈች። ለካ ጩኸቱ ራሱ ዘፈኑ ኖሯል! እስኪጣራ ወራት አለፉ፣ ቡድኑም በዚያው ተበተነ። ወንድሟ አሥራ አንድ ዓመት አላናገራትም። የእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ እሷ በቆመችበት በኩል አላለፈም።

በኋላ ታረቁ። ማን ቀድሞ እንዳናገረ ዛሬ ሁለቱም አያስታውሱትም። አሁን አርጅተዋል፤ ከእሱ በቀር ዘመድ የላትም፣ ከእሷ በቀር የለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጆሮ ወንድሟን ልትጠይቅ ክፍሉ በተቀመጠችበት፣ ከሙዚቃ ኩባንያ አንዲት ወኪል ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥታ መጣች። ያ የድሮ ሸክላቸው ድምፁ ተጣርቶ እንደገና ሊታተም ነው። ለናሙና ከታተመው አዲሱ ሸክላ ጋር አንድ ወረቀት ይዛለች፤ ወረቀቱ ላይ «ከድሮው ይሻላል» የሚል ተጽፎ፣ ከሥሩ የፊርማ ቦታ ተትቷል። ሽፋኑ ላይ የሚወጣ ነው።

«አባባ፣ እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ማስገባት አለብኝ።»

«ምኑን ሰምቼ?» አለ። ዕድሜውን ማጉያ ሥር ቆሞ ጆሮው ተበልቷል፤ ወፍራሙን ድምፅ እንጂ ቀጭኑን አይለይም። «እሷ ትስማ። ይሻላል ካለች እፈርማለሁ።»

ጆሮ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ይህ ሸክላ እንደገና ሲወጣ ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቀ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወኪሏ መጀመሪያ አሮጌውን፣ ቀጥሎ አዲሱን አጫወተች። አዲሱ ከማጫወቻው ዘሎ የወጣ መሰለ።

«ይኸው! ሰሙት እማማ? ነፍስ ዘራ እኮ!»

ወንድሟም ደረቱ ላይ ተሰምቶት ፊቱ በራ። «እታለም፣ እኔ እንኳ ሰማሁት!»

ጆሮ ተነሥታ የአዲሱን ድምፅ ቀነሰችው፤ ትንሽ ጨመረች፣ እንደገና ቀነሰች፣ ከአሮጌው ጋር እኩል እስኪሆን።

«ምነው ቀነሱት?»

«ልጄ፣ ስለጮኸ ነው ያማረሽ። እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ተሸውጃለሁ። እኩል ይሁኑና እንስማቸው።»

ማዳመጫውን አጠለቀች። ወንድሟ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ የሐኪም አፍ እንደሚጠብቅ በሽተኛ ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም። እሷም ቅንድቧ እንዳይንቀሳቀስ ተጨነቀች።

የመጀመሪያው ዘፈን መልካም ነው። ድሮ ተውጦ የነበረው ከበሮ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ደህና። አራተኛው መጣ። ያ ጩኸት ድሮ ከሩቅ ተነሥቶ፣ እያደገ እያደገ፣ ክፍሉን ጥለሽ ውጪ ውጪ የሚያሰኝ ነበር። አሁን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ቁመት ነው፤ ካውያ የሄደበት ልብስ። ያስፈራ የነበረው ነገር የለም።

አሮጌውን መልሳ ሰማች። ደግማ አዲሱን። ወኪሏ ሰዓቷን አየች።

«እማማ፣ አባባ ካልፈረሙ እኮ ኩባንያው ጨርሶ ሊተወው ይችላል። አሮጌው ደግሞ በገበያ የለም።»

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። አንዲት ቃል ብትል ይፈርማል፣ ይደሰታል፣ ልዩነቱንም ዕድሜ ልኩን አያውቀውም። ካላለች ደግሞ፣ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ማን አለው?

«ንገሪኝ እንጂ!» አለ ጮኾ።

ወደሚሻለው ጆሮው ተጠጋች። «ከበሮው ተሽሏል። ያንተ ጩኸት ግን ሞቷል። አስተካክለውታል፣ ወንድምዓለም። አሮጌው ላለው ሰው ይሄን ግዛ አልለውም።»

«ለሌለውስ?»

«ለሌለው... ይግዛ። ከምንም ይሻላል።»

ወንድሟ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብሎ «ከድሮው ይሻላል» የሚለውን ሰረዘና ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ «አሮጌው ያላችሁ አትድከሙ። የሌላችሁ ግዙ፤ ከበሮውን ስሙት።» ፈረመበት።

«ኧረ አባባ! ይሄን ማን ሽፋን ላይ ያትማል?»

«እንግዲያው አለማተም ነዋ።»

ወኪሏ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ሸክላውን ማንሣት እንኳ ረስታ ወጣች። ወንድምዬው ተነሣ። እህቱን ሳያይ ወደ በሩ ሄደ። ጆሮ ነጠላዋን ሰበሰበች፤ መሄጃዋ እንደደረሰ ገባት።

ወንድሟ ግን በሩን ዘጋው። ተመልሶ አዲሱን ሸክላ ገለበጠው፣ መርፌውን አስቀመጠና መዳፉን ድምፅ ማጉያው ሣጥን ላይ ለጥፎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«በዚህኛው ገጽ ያለውን አልሰማሽም እኮ» አላት። «ምን እንዳደረጉት አንድ በአንድ ንገሪኝ። እንዳትደብቂኝ።»