በእናቴ ትከሻ ላይ

ጎረቤቴ ለበዓል ዶሮ ስትነጭ ነፋሱ አንድ ላባ አምጥቶ ክንዴ ላይ ጣለብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እፍ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ቆዳዬ ያውቀው እንደሆነ ሞከርኩት። ያውቀዋል። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ገላ ላይ ላባና ጥጥ ሳስነካ ኖሬ፣ በእርጅናዬም ሥራው አልለቀቀኝም።

ነገሩ የጀመረው ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ነው። ያኔ ኮልፌ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነበረች። አባቴ ጦርነቱ ላይ ቀርቷል። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ በመሸጥ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ታሳድጋለች። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ፍም ተፈናጥሮ ግራ ክንዷ ላይ አረፈ፤ እሷ ወጥ ማማሰሏን አላቆመችም። ቆዳው ሲሸተን ነው ያየነው። ፍሙ ያረፈው ከአንጓዋ በላይ ካለው ነጣ ያለ ምልክት ላይ ነበር። ተያየን። ቁምጥና የሚለውን ቃል ግን ማናችንም ከአፋችን አላወጣነውም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም መጣ። የቆዳ በሽታ ያጠናል አሉ፤ ከቤት ቤት ይዞራል። እከክ የያዛቸውን ልጆች ቅባት ስለሚቀባ ሰፈሩ ሁሉ ድኝ ድኝ ይሸት ጀመር። በደብተሩ በእያንዳንዱ ገጽ የሰው ቅርጽ ተስሏል፤ የደነዘዘ ምልክት ያገኘበትን ቦታ በቀይ እርሳስ ያቀልመዋል። ገጹ የቀላበትን ሰው ካሚዮን ይወስደዋል። ሸማኔያችንም በዚሁ ተወስዷል። አስተርጓሚው «ወደ ሕክምና ነው፤ መርፌ አለ» ይላል። እኛ ግን በዚያ ዘመን ካሚዮን ላይ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አላየንም። ማን ይመነው?

ምርመራው ቀላል ነበር። የሰውየው ዓይን በነጠላ ይታሰራል፤ ሐኪሙ በላባ ይነካዋል፤ እሱም የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። የጎረቤቶቻችንን አይቼ ዘዴውን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም።

«ከኋላሽ እቆማለሁ። ምልክቱ ላይ ሲደርስ ትከሻሽን እጫናለሁ» አልኳት።

«ኃጢአት አይሆንም?»

«ከወሰዱሽስ እኛ ከማን ጋር እንቀራለን?»

እናቴ ነጠላዋን አንስታ ዓይኗን ሸፈነችና እንድንለማመድ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ዓይኑን ዘወትር የሚያሽ ሰው ነበር። እኛ ቤት ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ብርሃኗ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ጉንጯን፣ አንገቷን፣ ቀኝ ክንዷን ነካ፤ እናቴ እየተከተለች አሳየች። ላባው ምልክቱ ላይ ሲያርፍ ትከሻዋን ጫን አደረግሁ፤ ጣቷ ሄዶ እቦታው ላይ አረፈ። ደገመው። ደገምኩት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እጄን አይቶት ይሁን ወይ ደክሞት ብቻ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኑን አሽቶ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረው።

«ጤነኛ ነች» አለ አስተርጓሚው።

የእናቴ ገጽ ቀይ ሳይነካው ደብተሩ ተዘጋ። እነሱ እንደወጡ አቅፋ ሳመችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሸማኔው ተመለሰ። ከስቶ ነበር፤ ግን አሥሩም ጣቶቹ ነበሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እንደ ድሮው መሸመን ጀመረ። የእናቴ ጣቶች ደግሞ ያኔ እየታጠፉ እንዝርት መያዝ አቅቷቸው ነበር።

አድጌ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆንኩ። ከአገራችን ሐኪሞች ጋር ያንኑ ጥናት ይዤ፣ ቀይ እርሳስ ይዤ፣ ስንት ሰፈር ዞርኩ። አንድ ሐኪም «ያ የድሮ መርፌ ብዙም አያድንም ነበር» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይመስለኛል። ብትወሰድ ግን ቢያንስ ቁስሏን የሚያይላት፣ ከእሳት ራቂ የሚላት ሰው ታገኝ ነበር። በየገባሁበት ቤት በታማሚው ጀርባ ማንም እንዲቆም አልፈቅድም። ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጣለሁ፤ ያለቅሳሉ፤ በሩን እዘጋለሁ። ስንት በር ዘጋሁ መሰላችሁ። ደክሞኛል።

በኋላ የሚያድን ክኒን መጣና የእናቴ በሽታ ቆመ፤ ጣቶቿ ግን አልተመለሱም። አንድ ጠዋት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለ እግሯ ሥር የወደቀ ላባ አየሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳትና ክንዷን ምልክቱ ላይ ነካሁ። ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች።

«ነካሽኝ እንዴ?» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ትከሻዬን ካልተጫንሽ በምን ልወቅ?»

እሷ ሳቀች፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። በኋላዋ ዞሬ እጄን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በታጠፈው እጇ፣ ምልክቱ ያለበትን ቦታ አሳየችኝ።