ባሌ የሌለበት ኢንሹራንስ

ባሌ የጤና ኢንሹራንስ ወሬ አይወድም። የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ስቴንት የሚሉትን የደም ሥር ማስከፈቻ ካስገቡለት ወዲህማ ባሰበት። «ሳይታመሙ ሆስፒታል መምረጥ ሟርት ነው» ይላል። ጸሎት ቤታችንም ውስጥ እንደሱ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ በሽታን በአፍ መጥራት በር መክፈት ነው ይባላል። እሱ እዚህ በሰው አገር ራይድ ነው የሚሠራው፣ በመኪናው ሰው ያመላልሳል፤ ኢንሹራንስ የሚያገኘው በእኔ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። እኔም ጭቅጭቅ ስለማልወድ፣ በየዓመቱ «ኦፕን ኢንሮልመንት ተጀምሯል» የሚለውን የኢንሹራንስ ምዝገባ ኢሜይል ሳልከፍት አልፈው ነበር። የአምናው ራሱ ይቀጥላል፣ ምን ቸገረኝ?

አንድ ዓርብ ከሥራ መልስ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባሌ ውጭ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ይጠብቀኛል። ሱቁ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬን አገኘኋት። ሃውቶርን ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት አብረን ነን፤ የወሎ ሰው ናት፣ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

«ለኢንሹራንሱ ኢንሮል አደረግሽ አይደል?» አለችኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«የአምናው አለ አይደል እንዴ እትዬ? ራሱ ይቀጥላል።»

«ኧረ በአላህ! የምንሠራበት ኩባንያ ተሽጦ የለ እንዴ? አዲሶቹ ባለቤቶች የአምናውን አያውቁትም። ዘንድሮ ዝም ላለ ሰው ዲፎልት ነው የሚሰጡት። አንቺን ብቻ ርካሹ ኢንሹራንስ ላይ ያስገቡሻል፣ ባልሽ የለበትም። ደግሞ ዛሬ ቢሮ ሲዘጋ ምዝገባውም ይዘጋል፣ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?»

በርበሬውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። የልብ ሐኪሙ፣ የደም ማቅጠኛው መድኃኒት፣ ያ አምቡላንስ የመጣበት ቀን፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ፓስዎርዱን ደጋግሜ ሳትኩት። በመጨረሻ ገጹ ተከፈተ። ዲፔንደንት የሚለው፣ የቤተሰብ ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው። እኔ ብቻዬን፣ ባል እንደሌላት ሴት።

«የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን ንገረኝ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ለኢንሹራንስ።»

«ተፈውሻለሁ ብዬሽ የለ! ለምን በአፍሽ…»

«አንተ ሰውዬ!» ጮህኩ፤ በእግረኛው መንገድ የሚያልፉት ሁሉ ዞር አሉ። «እግዜር መድኃኒት አትዋጥ ብሎሃል? ብትሞትብኝ ምን ልሁን? ንገረኝ!»

መሪውን ጭብጥ አድርጎ ያዘ። እኔ ሰዓቱን አያለሁ፣ እሱን አያለሁ። ከዚያ ቁጥሩን ቀስ እያለ ነገረኝ። ጻፍኩና ሰብሚት አደረግሁት። ገጹ ቆየ። ስሙ ከስሜ ሥር ሲወጣ እንባዬ መጣ።

«ገባሁ?» አለኝ።

«ገባህ።»

ከኪሱ የደም ማቅጠኛውን ዕቃ አውጥቶ ከፈተው። ውስጡ ያሉት እንክብሎች በሙሉ ለሁለት ተሰንጥቀዋል።

«ኩባንያው ተሸጠ ስትዪኝ ነው የጀመርኩት» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ኢንሹራንሱ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ። እንዳያልቅብኝ ግማሽ ግማሹን ነው የምወስደው።»

ክው አልኩ። እስከዛሬ ምንም ያልሆነው በማን ቸርነት እንደሆነ አንድዬ ይወቅ።

«አሁንስ ሙሉውን ልዋጥ?» አለኝ።

ሁለቱን ግማሾች መዳፉ ላይ አድርጌ ውሃዬን ሰጠሁት። እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን አየሁት።