ዓሣ ይዤ ከብት ሐኪም ቤት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ዓሣ በለውዝ ቅቤ ጠርሙስ ይዤ እዚህ አምቦ ከብት ሐኪም ቤት ተሰለፍኩ። ከፊቴ የታመመች ጥጃ፣ ከኋላዬ ሁለት በጎች... መሃል ላይ እኔ፣ በጥቁር ልብሴ።

ዓሣው የልጄ የሲፈን ነው። አዲስ አበባ ስትማር ገዝታው፣ በውሃ ፕላስቲክ አድርጋ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋው ነው ያመጣችው። ዓይነቱ ቤታ ይባላል። ሰማያዊ ነው። ክንፉና ጭራው ረጃጅም ናቸው፤ ሲዋኝ ነፋስ የገባበት ሻሽ ይመስላል። ሲፈን እያለች ውሃውንም ምግቡንም የምታየው እሷ ነበረች። እኔ አጠገቡም አልደርስም ነበር። አሁን እሷ የለችም። ከእሷ እጅ በሕይወት የቀረልኝ ይህ ዓሣ ብቻ ነው።

የታመመው ደግሞ ከለቅሶው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሳሎን ይገባል፣ መደርደሪያው ላይ ዓሣውን ያያል፣ «ይሄ የሷ ነው?» ይላል፣ ያለቅሳል። ከዚያ ከያዘው ንፍሮ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ያደርግለታል። ቀጥሎ የገባውም እንዲሁ። ሰው ሊያጽናናኝ መጥቶ፣ በልጄ ዕቃ ላይ እያለቀሰ፣ እንዴት «ተው» ይባላል? ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ደግሞ ዓሣው ሲፈዝ አይተው ጠበል አመጡና ጨመሩበት። «ሰውን የፈወሰ ለዓሣ አያንስም» አሉ። እኔ ያን ጊዜ ለራሴም አልነበርኩም።

ውሃው መሽተት ሲጀምር ነው የነቃሁት። የጭራው ጫፍ ጠቁሯል፤ ክንፉ ተተልትሎ አይጥ የበላው ጨርቅ መስሏል። ከታች አንድ ጥግ ይዞ ተኝቷል። አምቦ ውስጥ የዓሣ ሐኪም ከየት ይመጣል? የታየኝ ከብት ሐኪም ቤት ብቻ ነው። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ጥጃዋን የያዙት ሽማግሌ ዞረው ጠርሙሱን አዩ።

«ኩኒ ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ዓሣ ነው፣ ኦቦ። ታሞብኝ ነው።»

«እኛ ጉደር ዓሣ ሲገኝ ይጠበሳል እንጂ ሐኪም ቤት አይመጣም!»

በግ የያዙት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሽማግሌው ግን መሃል ላይ ሳቃቸውን ትተው ልብሴን አዩ።

«አዴ... ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ልጄ። ዓሣው የሷ ነው።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አሉኝ፤ አምላክ ያጽናሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ጥጃዋን ወደ ጎን ሳብ አደረጉና «ግቢ አንቺ፣ የኔዋ ትቆያለች» አሉኝ።

ዶክተሩ ወጣት ልጅ ነው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው።

«እውነቱን ልንገርዎት እናቴ፣ እኔ የማክመው ላምና በግ ነው። ዓሣ ታሞ መጥቶብኝ አያውቅም።»

ግን አልመለሰኝም። ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። «የክንፍ መበስበስ ይሉታል። ከቆሸሸ ውሃ የሚመጣ ነው። ምንድን ነው የምታበሉት?»

«ንፍሮ።»

«ንፍሮ?! ለዓሣ?» ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከስልኩ እያነበበ አስረዳኝ። ዋናው መድኃኒት ንጹሕ ውሃ ነው አለኝ። የቧንቧውን ውሃ ክፍት አድርጎ ማሳደር፣ ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን ከፊሉን እየቀነሱ በየጊዜው መቀየር፣ ብርድ እንዳያገኘው መጠንቀቅ፣ የራሱን ምግብ ብቻ በትንሹ መስጠት፣ የተረፈውን ማውጣት። አዮዲን የሌለበት ጨውም በጣም ጥቂት።

«ይኼ ቀድሞ ቢደረግለት አይታመምም ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከጠርሙሱ ሳያነሳ። «ቤት ውስጥ የሚንከባከበው ማን ነው?»

«ልጄ ናት።»

«እንግዲያው አደራ ይንገሯት።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ዶክተር... አሁን የምትንከባከበው ራሷ ናት» አሉት።

ዶክተሩ ያኔ ቀና ብሎ ልብሴን አየ። ጠርሙሱን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ሱቅ ያለው ጨው ሁሉ አዮዲን አለበት። ስወጣ ሽማግሌው ለጥጃዋ ከያዙት አሞሌ ጨው ቁራጭ ሰብረው ሰጡኝ።

ያሉኝን ሁሉ እያደረግኩ ነው። ማታ ማታ የሚኖርበትን ዕቃ ዙሪያውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ሰው ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «እባካችሁ ንፍሮ እንዳትጨምሩበት» እላለሁ። እትዬ አስካለ ተቀይመውኛል። «ለቅሶ ቤት እህል ሲከለከል ያየሁት ዛሬ ነው!» ብለው ሰፈሩን አዳርሰዋል።

ዶክተሩ በር ድረስ ተከትሎኝ ወጥቶ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። የክንፉ ጫፍ ላይ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ከታየ አዲስ ክንፍ እየበቀለ ነው። እንደ ጥጥ ነጭ ከሆነ ግን ብሶበታል።

ዛሬ ጠዋት ጫፉ ላይ ነጣ ያለ ነገር አየሁ። ወደ መስኮት ወስጄ አየሁት። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። አንዴ መስታወት ይመስለኛል... አንዴ ጥጥ። ፎቶውን ከታች አድርጌዋለሁ፤ ይህን ዓሣ ያሳደገ ካለ እባካችሁ አይታችሁ ንገሩኝ።

እኔ ዓይኔን አላምነውም... የልጄንም ፊት አይቼ «ዛሬስ ተሽሏታል» ብዬ ነበር።