በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ

ሥራዬ ሰው መሸኘት ነው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ባለች አነስተኛ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ፓሪስን፣ ሮምን፣ ባርሴሎናን ለሚጎበኙ ደንበኞች ትኬት እቆርጣለሁ። የት እንደሚያርፉ፣ ምን እንደሚይዙ፣ ከምን እንደሚጠነቀቁ እመክራለሁ። ይህን ሁሉ ስመክር ግን እኔ ራሴ አውሮፓን ረግጬ አላውቅም ነበር። ምክንያቱ ፍርሃት ነው። አውሮፕላን እፈራለሁ፤ አሳንሰር እፈራለሁ፤ የማላውቀው ሰው ከኋላዬ ሲራመድ እንኳን ቆሜ አሳልፈዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ በላይነህ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥቶ ስዊድን ሲገባ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ስቶክሆልም ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ጥር ላይ ደወለና «ሮማን፣ እስከ መቼ ሰው ብቻ ትሸኛለሽ? ነይና እይኝ እንጂ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያልለመድኩት ብቸኝነት ስለነበር እሺ አልኩት። መጋቢት ላይ ተነሳሁ። ወንድሜን በደንብ ላውቀው፣ ለደንበኞቼም በዓይኔ ያየሁትን ይዤ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ከቦሌ እስከ አርላንዳ

በረራውን አልተርክላችሁም፤ አብዛኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። የባሰው የመጣው የስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ አርላንዳ ላይ መሬት ከነካን በኋላ ነው። የፓስፖርት መቆጣጠሪያው መስኮት ጋ ስደርስ መኮንኑ በእንግሊዝኛ «የምትመለሺው መቼ ነው?» አለኝ። ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ያለማመድኩት ጥያቄ ነው። ቀኑ ከጭንቅላቴ ጠፋ። መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍም ያየኝ መሰለኝ። የመመለሻ ትኬቴን ከእጅ ቦርሳዬ አውጥቼ ያለ ቃል ሰጠሁት። አንብቦ ማኅተሙን መታ።

ለመንገደኛ የምለው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ የመመለሻ ትኬት፣ የጉዞ ኢንሹራንስና የጋባዣችሁን አድራሻ በወረቀት ይዛችሁ እጃችሁ ላይ አድርጉት። ስትደነግጡ ወረቀቱ ይናገርላችኋል።

ውጭ ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ወንድሜ ኮፍያ እንኳን ሳያደርግ፣ የጃኬቱን ዚፕ ከፍቶ ቆሟል። አጠገቡ አንድያ ልጁ ቤዛ ነበረች። ቤዛ ከከተማው ዳር፣ ሁዲንጌ በሚባል ሰፈር ባለው ሆስፒታል ነርስ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት እሱ ብቻውን ነው።

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?» ብዬ አቀፍኳት።

ፈገግ ብላ በስዊድንኛ መለሰችልኝ።

«ደህና ነኝ፣ ጉዞው እንዴት ነበር እያለችሽ ነው» አለ ወንድሜ፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። «አማርኛውን ትሰማለች፤ መመለሱ ነው የሚያስቸግራት።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የእሷ ቃል ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣው በወንድሜ አፍ በኩል ሆነ።

ከመሬት በታች

የስቶክሆልም የምድር ባቡር ቱነልባና ይባላል። ጣቢያዎቹ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳው ሻካራ ድንጋይ ነው፣ ላዩ ላይ ሥዕል ተሥሎበታል። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን ወደ ታች የሚወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ጫፍ ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። መጨረሻው አይታይም። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ምንም ሳይሉ በግራ በኩል አለፉኝ። ጋሼ ክንዴን ይዞ «እኔን እያየሽ እርገጪ፤ ታችን አትዪ» አለኝና እንደ ሕፃን አወረደኝ። እናንተ ስትመጡ በቀኝ ቁሙ፤ ግራው ለሚቸኩል ሰው ነው። ገንዘብ በእጅ መያዝም ብዙ አይጠቅምም፤ ባቡሩም አውቶቡሱም ካፌውም የሚፈልገው ካርድ ነው።

ጋሼ የሚኖርበት ፊቲያ የቀዩ ባቡር መስመር ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ረጃጅም የኪራይ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ ጥድ፣ ከጥዱ በታች ሜላረን የሚባለው ትልቅ ሐይቅ። ጾም ላይ ስለነበርን ማኪያቶዬን እንዴት እንደማደርግ ሳስብ፣ ካፌው ሁሉ ውስጥ የአጃ ወተት እንዳለ ቤዛ አሳየችኝ። ለጿሚ ትልቅ ነገር ነው። ዳቦዎቹ ግን ቅቤ አለባቸው፤ ሳትጠይቁ አትግዙ።

በማግስቱ አሮጌው ከተማ ሄድን። ቀጫጭን መንገዶች፣ ቢጫና ቀይ ቤቶች፣ ያማረ ነው። እያየሁ ስሄድ ቤዛ ድንገት ክንዴን ጎትታ ወደ መንገዱ መሐል አወጣችኝ። ወዲያው ቅድም ልረግጠው የነበረው የእግረኛ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ወድቆ ተበታተነ። ከጣሪያ የተንጠለጠለ፣ ክንድ የሚያህል የበረዶ ዘንግ ነበር። ግድግዳው ላይ እንጨት ተደግፎ አይቼ ነበር፤ ለካ «በዚህ አትለፉ» ማለት ነው። የቀረውን ሰዓት አንገቴን ወደ ላይ ሰቅዬ ነው የሄድኩት፤ ሙዚየሙንም የነገሥታቱንም ቤት አላየሁም ማለት ይቻላል።

ሪንከቢ

ሪንከቢ የሚባለው ሰፈር ወንጀል ይበዛበታል ሲባል ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ፈርቼው ነበር። ጋሼ ግን የጤፍ ዱቄት የሚገዛው እዚያ ነው፤ በሰማያዊው መስመር ሄድን። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር። አደባባዩ ላይ ሰዎች ብርቱካንና ጎመን ይመርጣሉ፤ ሶማሊኛ፣ ዐረብኛ፣ ትግርኛ ይሰማል። የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘውዴ የሚባሉ የአገራችን ሴት ናቸው፤ ቦርሳዬን አይተው ሳቁ።

«ሰው ፈርተሽ ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎ፣ አዎ» አልኳቸው።

«እኔ እዚህ አገር የምፈራው ሰውን አይደለም፤ መሬቱን ነው። ያ ጫማሽ ይጥልሻል። ዳሌዬን የሰበረኝ በረዶ ነው። ብሮዳር ግዢ።»

ብሮዳር ከጫማ ሥር የሚጠለቅ፣ ጥርስ ያለው ላስቲክ ነው። ያኔውኑ ገዛሁ። ጋሼን «ለአንተስ?» ስለው «እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ» ብሎ ሳቀ።

ሐይቁ ላይ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋሼ «ዛሬ ውሃ ላይ ትሄጃለሽ» አለኝ።

ከቤቱ በጥዱ መሐል ወረድን። ሐይቁ ዳር እስከ ዳር ነጭ ሜዳ ሆኗል። በላዩ ላይ ሰው ይራመዳል፣ በበረዶ ጫማ ይንሸራተታል፤ አንድ አባት ልጁን በጋሪ ይገፋል። እኔ ዳሩ ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ከሥሩ ውሃ ነው አይደል?»

«ውሃ ነው። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሄጄበታለሁ፤ አስፋልት በይው።»

ቤዛ ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም ዱላ ይዛለች። አንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ፣ የእንጨት እጀታ ያላቸው ሁለት ሹል ብረቶች አሉ፤ በረዶው ቢሰበር ወግቶ ለመውጣት ነው። ለእኔም አንድ ጥንድ አጠለቀችልኝ። ለአባቷ ስትሰጠው በእጁ መለሳት። ፊቷ ተለወጠ፤ የሆነ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ፀሐዩ በርትቷል፤ ሰው ከረገጠው መንገድ እንዳትወጡ ነው የምትለው። ነርስ አይደለች? ሁሉን ትፈራለች።»

ገባን። ቤዛ በዱላዋ እየወጋች ከፊት፣ እኔ በእሷ ዱካ፣ ጋሼ ከጎኔ። ከሥራችን እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ጉምምም የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥ አልኩ። ጋሼ «ይሄ ደህና ነው፤ በረዶው ሲላወስ ነው» አለኝ። ቆይቶ ቆይቶ ትንፋሼ ተመለሰ፤ ፎቶ እስከማንሳት ደረስኩ።

ጋሼ በበጋ ዓሣ የሚያጠምድበት የእንጨት መድረክ አለ፤ ሸምበቆው አጠገብ፣ ትንሽ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ። «ነይ ላሳይሽ» ብሎ ከመንገዱ ወጣ። ቤዛ «ፓፓ!» ብላ ጠራችው። ሳይዞር እጁን አወናጨፈ። እሱ የሚሄድበት በረዶ ነጭ አልነበረም፤ ጠቁሯል። አየሁት፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ትልቅ ድምፅ የለም። ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነው። ወንድሜ እስከ ደረቱ ጠፋ።

«ጋሼ!» ብዬ ሮጥኩ።

ቤዛ ከኋላዬ ጮኸች። ደጋግማ፣ በኃይል። አንዱንም ቃል አልሰማሁትም፤ ስዊድንኛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚያስተረጉምልኝ ሰው ውሃ ውስጥ ነው። ቶሎ በዪ የምትለኝ መሰለኝና ባሰብኝ፤ ሮጥኩ። የጋሼ አፍ ይከፈታል፣ ድምፅ የለውም፤ እጁን ብቻ ወደ እኔ ያወናጭፋል። ነይ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ከኋላዬ አንድ ቃል መጣ።

«ተኚ!»

ቤዛ እግሬን ያዘችኝ።

«ተኚ! ተኚ!»

በሆዴ ወደቅሁ። ፊቴ በረዶው ላይ ተለጠፈ። መስታወት ይመስላል፤ ከሥሩ ጥቁር ውሃ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከጉልበቴ ሥር ቀጭን ስንጥቅ እንደ ክር ሮጦ ወደ ጋሼ ሄደ። ትንሽ ብራመድ ኖሮ እኔም እገባ ነበር።

ቤዛ በሆዷ እየተሳበች አለፈችኝ። ብረቶቿን አውልቃ በበረዶው ላይ አንሸራተተችለት። አለፉትና ውሃው ዋጣቸው። ያኔ ያሰማሁት ድምፅ የሰው ድምፅ አይመስለኝም። የእኔን ከአንገቴ በጥሼ ሰጠኋት። ሁለተኛውን ቀስ ብላ ገፋችው። ያዘው። ወጋ፤ ሲጫነው ጠርዙ ተሰበረ። እንደገና ወጋ፤ እንደገና ተሰበረ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዓይኑ እኛን ማየት እየተወ ነው።

«አባዬ፣ እግር! እግር!» ትለዋለች ቤዛ፤ እንዲራገጥ ነው። እኔ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እሷም ብትገባ ብዬ ከዚህ ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ በበረዶ ጫማ እየተንሸራተቱ ደርሰው ራቅ ብለው በሆዳቸው ተኙ፤ ከጀርባ ቦርሳቸው ገመድ አውጥተው ወረወሩ። ጋሼ ክንዱን አስገባበት። ሁላችንም ተኝተን ሳብን። እንደ ከባድ ጆንያ እየተጎተተ ወጣ። ቤዛ እንዲቆም አልፈቀደችለትም፤ እየተንከባለለ፣ እየተጎተተ ነጩ በረዶ ላይ ደረስን። ያስፈራኝ አለመንቀጥቀጡ ነው። ቤዛ እርጥቡን ልብስ ገፍፋ የራሷን ጃኬት አለበሰችው፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ እኔ እግሩን በብብቴ ውስጥ ይዤ ስሙን እየደጋገምኩ ጠራሁት። አይመልስም ነበር።

ሁዲንጌ

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እኔና ቤዛ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእጇ ቆዳ በበረዶው ተልጧል። የሚያስተረጉምልን የለም።

«የምትዪው አልገባኝም ነበር» አልኳት። «ሩጪ የምትዪኝ መስሎኝ ነው።»

ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ በአማርኛ፣ «እኔ ቃል ጠፋ። ሁሉም ጠፋ» አለች። «ትንሽ ሆኜ፣ አባዬ አልጋ ላይ… ተኚ ይለኛል። ያ ብቻ መጣ።»

እጇን ያዝኩት። ሁለታችንም በሩን እያየን ነበር። በሩ ሲከፈት ዶክተሯ ቤዛን አየቻትና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የቤዛ ትከሻ ዘና ብሎ ሲወርድ ሳይ ገባኝ፤ ትርጉም አላስፈለገኝም።

ጋሼ የሞቀ አየር በሚነፋ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ተኝቷል። ሊቀልድ ሞከረና ተወው። ዕንባው ወረደ።

«ፈራሁ ሮማን። የሱዳንን በረሃ ሳቋርጥ እንዲህ አልፈራሁም።»

«አይዞህ፤ አለፈ።»

«ሞቱን አይደለም። አንቺ እየሮጥሽ ስትመጪ ነው። ተመለሺ እልሻለሁ፣ ድምፄ አይወጣም።»

ቤት

አዲስ አበባ የገባሁት ትኬቴ ላይ በተጻፈው ቀን ነው። የቤቴ ወለል ሴራሚክ ነው፤ ለብዙ ቀን ጫፉን በእግሬ ጣት ሳልነካ አልረገጥኩትም። ቢሮ ስመለስ ባልደረቦቼ «አሁንስ ፍርሃቱ ለቀቀሽ?» አሉኝ። አልለቀቀኝም። ግን በፍርሃቴ ማፈር ትቻለሁ። ጋሼ ፍርሃቱን ያጣው ያንን ሐይቅ ስለለመደው ነው፤ ሐይቁ ግን እሱን አልለመደውም።

አሁን ወደ ስቶክሆልም የሚሄድ ደንበኛ ሲመጣ ስለ ሙዚየሞቹ የማወራው በኋላ ነው። በረዶ ላይ ከቡድንና ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አትውጡ እላለሁ፤ የሚያውቀው ሰው ብረቱን አንገቱ ላይ ካላጠለቀ ደግሞ ከእሱም ጋር አትውጡ። የአገሩን «ቁም»፣ «ተኛ»፣ «ተመለስ» ከ«እንደምን አደራችሁ» በፊት አጥኑ። እዚያ ዘመድ ካላችሁ፣ ልጆቹ በስዊድንኛ ሲመልሱላችሁ ዝም ብላችሁ አማርኛውን አውሯቸው። የትኛው ቃል የት እንደሚያስፈልግ ማንም አያውቅም።

ቤዛ አሁን አልፎ አልፎ ራሷ ትደውላለች። ወሬያችን አጭር ነው፤ እሷ ትፈልጋለች፣ እኔ እጠብቃለሁ። በቀደም ዕለት ከሐይቁ ዳር ሆና ቪዲዮ አሳየችኝ። በረዶው ቀልጧል፤ ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ጋሼ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጠምዳል፤ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ለብሷል። እኔ በሆዴ ተኝቼበት በነበረው ቦታ ላይ አንዲት ነጭ ጀልባ ቀስ ብላ መጣች። ቤዛ የሆነ ነገር እየነገረችኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ጀልባዋ አልፋ እስክትሄድ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።